ያልተከፈተው ፌስታል

ፀጉር አስተካካዩ እስከ ጉልበቱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ በአካፋ ያወጣውን ጥቁር ፌስታል እግሬ ሥር ሲጥለው ቋጠሮውን አወቅሁት።

እንደዚያ አድርጎ የሚያስር አንድ ሰው ነው የማውቀው፤ አባቴ። ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ውስጥ የዱቄት ጆንያ አፍ ሲያስር ኖሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላም የሽንኩርት ከረጢትም ሆነ የጫማዬ ክር፣ እጁ የገባውን ሁሉ አንገቱን ጠምዝዞ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ወሽቆ ነው የሚያስረው። ለመፍታት ጥርስ ያስፈልጋል።

እኔ ደግሞ የሰፈሩ የጽዳት አስተባባሪ ነኝ። አገር አቀፉ ዘመቻ ከታወጀ ጀምሮ ድምፅ ማጉያ ይዤ፣ ቦዩ የሁላችንም ነው እያልኩ የሰው ጆሮ ሳደነቁር ከርሜያለሁ። ማን እንደሚደፍነውም ለይቼ ጨርሼ ነበር። የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ቦዩ ዳር ነው፣ አፉም አያርፍም፤ ስለዚህ እሱ ነው። በስብሰባ ላይ ስሙን ሳልጠራ፣ ዓይኑን እያየሁ ተናግሬዋለሁ። ዛሬ ከሁሉም ቀድሞ ቦዩ ውስጥ የገባው ለዚያ ይመስለኛል።

ሌላ ፌስታል ወጣ። ከዚያም ሌላ። ሁሉም በዚያው እጅ የታሰሩ ናቸው።

ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንዱ፣ የማን እንደሆነ አሁን ይለይለታል አለ። ቆሻሻ ሰብሳቢዋ ጋሪዋን አስጠግታ ቢላዋዋን አወጣች። በየቤቱ ስትዞር ፌስታሉን እዚያው ደጃፍ ላይ ቀድዳ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ፣ የሚበሰብሰውን ለብቻ ሳትለይ አትጭንም። ደንብ ነው። ደንቡን በየቤቱ እየዞርኩ ያስረዳሁትም እኔው ነኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ ታማ ከወደቀች ወዲህ ግማሽ አካሏ አይታዘዝላትም። ዳይፐር የሚቀይርላትም፣ የሚያጥባትም አባቴ ብቻ ነው። እኔን አታስጠጋኝም፤ ልጄ እንዲህ ሆኜ አታየኝም ብላ ምላለች። እንግዳ ሲመጣ የወንበር እግር ሳይቀር ትወለውል የነበረች፣ በንጽህናዋ ሰፈር የሚያውቃት ሴት ናት። አባቴ "የእናትሽን ነገር ለእኔ ተዪው" ሲለኝ፣ ፌስታሉን ለሰብሳቢዋ የሚሰጥ መስሎኝ ተውኩለት። ለካስ ደጃችን ላይ፣ በአላፊ አግዳሚው ፊት መቀደዱን አልቻለውም። ሰው ሳይነሳ እየወጣ ቦዩ ውስጥ ይጥለው ነበር።

ተናደድኩ፣ አዘንኩም፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። ፌስታሉን በእግሬ ወደ ኋላዬ ልገፋው ስል ሰብሳቢዋ ቀድማ አነሳችው።

"እባክሽ አትክፈቺው።"

አባቴ ነው። ቤታችን በር ላይ ቆሞ ሲያየን ኖሯል። ጫማውን በቅጡ ሳይጫማ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ሰው ሁሉ እያየው፣ እሱ ቦዩ ውስጥ ወደቆመው ፀጉር አስተካካይ ዞረ።

"ይቅር በለኝ" አለው። "እየጣልኩ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ልጄ አንተን የተናገረችህ በእኔ ጥፋት ነው።"

ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀ ሰው ነበር። አባቴ በራሱ ላይ የሚባለውን ሁሉ ተሸክሞ፣ ስለ እናቴ ግን አንድ ቃል አላወጣም። እንደዚያች ሰዓት አባቴን ወድጄው አላውቅም።

ሰብሳቢዋ ፌስታሉን በእጇ መዘነችው፣ በጓንቷ ጫን ጫን አድርጋ ዳበሰችው። ፊቷ ተለወጠ። ቢላዋዋን ኪሷ ከተተች።

"ይሄ እርጥብ ነው፣ አይለይም" አለች ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ፤ እንደታሰረም ጋሪው ላይ ጫነችው። የቀሩትንም አከታተለች። ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ ብላ፣ እሷም እናቷን እንዲሁ እንዳስታመመች በሹክሹክታ ነገረችው። "ከእንግዲህ በጓሮ በር መጥቼ ከእጅዎ እቀበላለሁ፣ አባባ። ቢላዋ አይነካውም።"

አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ መረቃት። ፀጉር አስተካካዩም ዝምታ አይሆንለትም።

"ጋሼ፣ ካሳዬን ልንገርዎት" አለና ጭቃ የለበሰ እጁን ዘረጋ። "ከዚህ ጎትተው ያውጡኝ፤ እግሬ ደንዝዟል።"

ሰው ሳቀ፣ አባቴም ጎተተው። እኔ ድምፅ ማጉያዬን አንስቼ፣ ያማሁትን ሰው በዚያው ድምፅ ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ብቻ ጆሮዬን ማሪኝ አለኝ።

እናቴን የሚያገላብጥበት ሰዓት ስለደረሰ አባቴ ወደ ቤት አመራ። ተከተልኩት። ወገቡን ይዞ ነው የሚራመደው፤ ይህንንም ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ዛሬ እኔ ልቀይርላት አልኩት። እምቢ እንደምትል እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

"ግን ንገራት፣ አባዬ" አልኩት።

ገብቶ ቆየ። ጓሮ ቆሜ እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ስፈትግ የእሱ ማጉረምረም ይሰማኛል፤ የእሷ ድምፅ ግን አይሰማኝም። በመጨረሻ በበሩ ብቅ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ነይ ብላለች።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። አልጋው ዳር ተቀምጬ ወገቧን ስነካት ድንግጥ አለች።

"እጅሽ በረዶ ነው" አለችኝ፤ ዞር ብላም አየችኝ። ከዚያ በደህናው እጇ ጣቶቼን ሰብስባ፣ ሕፃን ሳለሁ እንደምታደርገው ብብቷ ውስጥ ከተተቻቸው። እስኪሞቁ ድረስ አልለቀቀቻቸውም።