በሱፍቃድ የሚያውቀው ነገር

ማናለብሽ ልጅ አልወለደችም። በልጅ ፈንታ የማገር ባንክን አክሲዮን ገዛች። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካላት የክርና የዚፕ ሱቅ በየዓመቱ የተረፋትን ሁሉ እዚያው ስትከት ኖረች። «ጉልበቴ ሲከዳኝ የሚጦረኝ እሱ ነው» ትላለች። ያልሰማ ሰው ስለ ባንክ ሳይሆን ስለ ዶክተር ልጇ የምታወራ ይመስለዋል።

ባንኩም እንደ ደህና ልጅ ነበር። በዓመት አንዴ የትርፍ ድርሻዋን ይሰጣታል፤ በዓመት አንዴ ደግሞ ሆቴል ጠርቶ ምሳ ያበላታል። ለጉባኤው የሐበሻ ቀሚስ ትለብሳለች። ሪፖርት ሲነበብ ታንቀላፋለች፤ እጅ አውጡ ሲባል ታወጣለች።

ዘንድሮ ወሬ መጣ። የቦርዱ ሊቀመንበር ለአማቹ አበደረ፣ አማቹም ለወንድሙ፣ ገንዘቡ ዘመድ ጥየቃ እንደሄደ ቀረ ተባለ። ቀጥሎ መንግሥት ባንኩን ሊወስደው ነው ተባለ። መንግሥት ይወስደዋል ሲባል የልደታ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም፤ ሰፈሩ ራሱ ተወስዶ፣ ለተነሺው ምትክ ቤት ተሰጥቶ ነው የተሠራው።

«አስቀማጭ ገንዘቡን ያገኛል» አለች ትርፌ፣ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ። «ባለአክሲዮን ግን መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ምን ይተርፋል?»

«ድስቱ» አለች ማናለብሽ።

«እሱም ከታጠበ በኋላ ነው።»

ትርፌ ይህን ብላ አልቀረችም፤ ያላትን አክሲዮን በግማሽ ዋጋ ሸጠች። የገዛው በሱፍቃድ ነው።

በሱፍቃድ አራተኛ ፎቅ ተከራይቶ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣውም። የሚስቱ ወንድም ግን ባንኮችን ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም። ሾፌር ነው ቢባል ወሬው ይበላሻል።

ሰው ሁሉ ሲሸሽ በሱፍቃድ ገዛ። በራሱ ስም ገዛ። በሚስቱ ስም ገዛ። በአማቱም ስም ገዛ። በእያንዳንዱ ስም ትንሽ ትንሽ።

«አየሽው? በአንድ ስም አይገዛም» አለች ትርፌ። «ስንት እንደያዘ እንዳይታወቅ ነው። አማቱን ሳይቀር! ሴትዮዋ እኮ ከአልጋ ወርደው አያውቁም።»

«ባንኩ እንደማይወሰድ ቢያውቅ ነዋ።»

«ያውቃል እንጂ! ወሬውንስ ማን የነዛው ይመስልሻል? እኔን አስደንግጦ በግማሽ ዋጋ ወሰደኝ፤ የቀን ሌባ!»

ማናለብሽ እንቅልፍ አጣች። ባንኩ ከተወሰደ ጧሪዋ ሳይጦራት ሞተ ማለት ነው፤ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ሱቁን እስከ መቃብሯ ስትከፍት ልትኖር ነው። ብትሸጥ ግን ግማሹ ይተርፋታል። አንድ ጠዋት ለበሱፍቃድ ልትሸጥ ቆርጣ ፎቁን ወጣች።

«ይወሰዳል ይላሉ» አለችው ፊቱን እያጠናች።

በሱፍቃድ ፈካ አለ። «እትዬ ማናለብሽ፣ እርስዎ የሰሙት አለ? እርግጥ ነው?»

ሊያወጣጣኝ ነው አለች በልቧ።

«አንተ አትፈራም እንዴ?»

«ምን ያስፈራል? እኛ ወረቀታችንን መያዝ ነው፤ ሌላው በእግዚአብሔር እጅ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚሸጡ ከሆነ የታናሽ እህቴን ስም ላስገባ ነበር። ብዙ አልፈልግም፤ ስሟ ይግባላት እንጂ ትንሽም ብትሆን ይበቃታል።»

ማናለብሽ ደረጃውን ስትወርድ የጉልበቷ ሕመም ትዝም አላላት። ዝምተኛ ሰው ይህን ያህል ከተናገረ ነገር አለ።

«ሞኝ መስሎ ሁላችንን ይሸጠናል፤ አራዳ ነው» አለቻት ትርፌን። «እኔን ግን አያገኘኝም።»

አልሸጠችም። ጭራሽ ጨመረች። በዚያው ሰሞን ዕቁብ ደርሷት ስለነበር ለሱቁ ዕቃ ያሰበችውን ብር ይዛ ተክለ ሃይማኖት አንድ የተደናገጠ ነጋዴ ጋ ሄደች፤ የማገር አክሲዮኑን እንዳለ በሲሶ ዋጋ ገዛችው። ውልና ማስረጃ ፈርመው ሲወጡ ሰውዬው ጉልበቷን ሊስም ምንም አልቀረው። አሳዘናት።

«ወሬ የሚያምን ሰው አያልፍለትም» አለች ሱቋ ተመልሳ።

ትርፌ አለቀሰች። ያስለቀሳት የሸጠችው አክሲዮን ሳይሆን የማናለብሽ ፈገግታ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ሬዲዮ ተናገረ። መንግሥት ማገር ባንክን ተረክቧል። አስቀማጮች ገንዘባቸው አለላቸውና እንዳይደናገጡ። ስለ ባለአክሲዮኖች አንድም ቃል አልተነሳም፤ ለሞተ ሰው አይዞህ አይባልም።

ማናለብሽ ሱቁን ሳትዘጋ ግድግዳውን ተደግፋ ፎቁን ወጣች። የበሱፍቃድ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሱፍቃድ ክራቫት አስሯል። ሚስቱ ለጎረቤት ለስላሳ ታድላለች። አማቱ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋ ላይ ተሰይመዋል።

የማናለብሽ ትንፋሽ ተመለሰ። ይህ የከሰረ ሰው ቤት አይደለም።

«ሬዲዮ አልሰማችሁም?» አለች።

«ሰማን እንጂ! እልል ይበሉ እንጂ እትዬ ማናለብሽ! ወሰደውኮ!»

«ወሰደው፤ እና?» ክንዱን ያዘችው። «በሞቴ፣ አሁን እንኳ አትደብቀኝ። ያለኝን ሁሉ አንተን አይቼ ነው ያፈሰስኩት። የምታውቀውን ንገረኝ።»

በሱፍቃድ ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«እኔም እርስዎን ልጠይቅ ነበር፤ ምትክ ቤቱን የሚሰጡን በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ ባልና ሚስትን እንደ አንድ ሰው ይቆጥሩናል?»