ድመት አይጠጋህም

«አንተን እንኳን ሰው ድመት አይጠጋህም» ያለኝ የእህቴ ባል ነው። አምና ነው፤ እህቴ ወልዳ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት። ሳሎኑ እንግዳ ሞልቶበታል። ሕፃኑን አቀበሉኝ፤ ገና እጄ ላይ እንዳረፈ አለቀሰ። ባሏ ከእጄ ወሰደውና ያንን አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እህቴም ሳቀች፤ አፏን በእጇ ከድና ነው፣ ግን አይቻታለሁ።

ያኔ መልስ አልነበረኝም። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ ነገር ቶሎ አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። የዚህኛው መልስ ከመጣልኝ ቆይቷል። ምላሴ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል።

ዛሬ ግን ላሜራ በምቀጠቅጥበት በእህቴ ባል ጋራዥ ውስጥ፣ ከመኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ ክንዴን ከጎማው ኋላ ሽቅብ ወደ ሞተሩ ሰድጃለሁ።

«ውሮ» እላለሁ። «ውሮ፣ ውሮ።»

ድመቷን ያገኘኋት ከጋራዡ ጀርባ፣ ከተጣለው ብረት ሥር ነው። ከጡጫዬ አትበልጥም። እናቷ የት እንደቀረች አይታወቅም። ምሳዬን እዚያ መብላት ጀመርኩ፤ ሳላያት፣ ጀርባዬን ሰጥቻት። አሮጌ ጓንቴ ላይ ቁራሽ ሥጋ አኖርላታለሁ። ከጓንቱ ትበላለች፣ ጓንቱ ላይ ትተኛለች። እጄን ጓንቱ ውስጥ ያስገባሁበት ቀን ግን ፉ ብላብኝ ጠፋች፤ ተመልሳ እስካያት ድረስ መዶሻ በእጄ አልቀና አለኝ። ዛሬ ዝናብ ሲጥል ሙቀት ፈልጋ ነው መሰለኝ፣ ለሙከራ ተነድቶ የተመለሰ መኪና ሞተር ውስጥ ገባች።

«መኪናው ይነሳ ስልህ» ይላል የእህቴ ባል ከላይ። ቁልፉን ያንቃጭላል። «ሞተሩ ሲጮህ ራሷ ትወጣለች።»

«የሞተሩ ቺንጊያ ሲዞር ይቆራርጣታል።»

«ወይ ጉድ። ፓራፋንጎ ቀጥቅጥ ብዬ ቀጠርኩት፣ አዋላጅ ሆኖ አረፈው።»

ባለመኪናዋ ነርስ ናት። የተረኝነት ሰዓቷ ደርሷል። ከታች ሆኜ የሚታየኝ ጭቃውን እየሸሸ ወዲያ ወዲህ የሚለው ነጭ ጫማዋ ብቻ ነው።

«በሽተኛ እንኳ እንዲህ ተለምኖ አያውቅም» ትላለች። ክፋት የለባትም። «ግን ወንድሜ፣ እኔንም ሰው ይጠብቀኛል።»

«ሰማህ? ደንበኛ አታስመርርብኝ።»

«አንዴ ታገሰኝ አልኩህ እኮ» ብዬ እጮኻለሁ። ድምፄ ከላሜራ ጋር ሲነታረክ የኖረ ድምፅ ነው። ከላዬ ጥፍር ብረት ሲቧጥጥ ይሰማኛል። ሸሸች፤ ያውም ወደ ቺንጊያው።

የመኪናው በር ይከፈታል። ወንበሩ ሲጢጥ ይላል፤ መኪናው በእህቴ ባል ክብደት ወደ ደረቴ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቁልፉ ሲሰካ እሰማለሁ።

«ጋሼ» እላለሁ። ድምፄን ከፍ ባደርገው የባሰ ትገባለች፤ ስለዚህ ድመቷን በጠራሁበት ድምፅ ነው፣ ቀስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ እባክህ።»

እባክህ ብዬው አላውቅም። ሥራ ሲሰጠኝም አላልኩትም፤ እህቴ ናት ያለችልኝ።

ቁልፉ አልዞረም፤ አልተነቀለምም። ነጩ ጫማም ቆሟል።

ጓንቱን አጥልቄ ነበር የዘረጋሁላት፣ አታልላታለሁ ብዬ። ክንዴን መልሼ ጓንቱን በጥርሴ እስብና እተፋዋለሁ። ባዶ እጄን፣ ዘይት እንደነካው፣ መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ እሰዳለሁ። እጠብቃለሁ። ትንፋሽ መዳፌ ላይ ይሰማኛል፣ የክብሪት ጭስ የሚያህል።

ትነክሰኛለች። አውራ ጣቴ ሥር፣ እንደ መርፌ። እጄ ልሽሽ ይላል። ስንት ነገር ነክሶኝ እጄን ሰብስቤ ኖሬያለሁ፤ ይሄን አልሰበስበውም። ጥርሷን እንደተከለች ትቆያለች፣ እኔም እንደተነከስኩ እቆያለሁ። ደሙ በአንጓዬ ይወርዳል።

ከዚያ ጥርሷ ይላላል። ሻካራ ምላስ። ቀጥሎ እግሮቿ፣ እርጥብ፣ መዳፌ ላይ፣ አንጓዬ ላይ። የቱታዬን እጅጌ አፍ ታገኝና ጭንቅላቷን ትከትበታለች። ሰተት ብላ ክርኔን አልፋ ብብቴ ሥር ትወሸቃለች። መላ አካሏ ልብ ብቻ ይመስላል።

ክንዴን ሳላጥፍ እየተንፏቀቅኩ እወጣለሁ።

«የታለች?» ትላለች ነርሷ። እጅጌዬን በዓይኔ አሳያታለሁ። እሷ የምታየው ጣቴን ነው። «በሳሙና ደህና አድርገህ እጠበው። ከዚያ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልግሃል።»

«ለማን?» ይላል የእህቴ ባል ከመኪናው እየወረደ። «ለእሱ ነው ወይስ ለድመቷ?»

ነርሷ ሳቋን መያዝ ያቅታታል። እሱም ሞቅ ይለዋል።

«ደግሞ ቀረበችኝ ብለህ እንዳትኮራ፣ ወዳጄ» ይለኛል። «ወዳ አይደለም። መሸሻ ብታጣ ነው።»

ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ነርሷ እጇን ዘርግታ አጠገቡ ቆማለች፣ እስኪሰጣት። መልሴ ይሄው መጣ፤ ከአምና ጀምሮ ስስለው የኖርኩት፣ ለዛሬ የተሰፋ፦ አንተንም ሰው የሚጠጋህ ቁልፉን ስለያዝክ ነው።

«ምነው፣ መልስ የለህም እንዴ?»

አፌን እከፍታለሁ። ደረቴ አየር ሲስብ ብብቴ ሥር ጥፍሮች ሥጋዬን ይይዛሉ። አፌን እዘጋለሁ። አየሩን በአፍንጫዬ፣ በጥቂት በጥቂቱ አስወጣለሁ። ጥፍሮቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ።

ዞር እላለሁ። ክንዴን ከጎኔ አራርቄ፣ አፍ እስከ ገደፉ የሞላ ባልዲ እንደያዘ ሰው፣ ቀስ እያልኩ ወደ ቧንቧው እሄዳለሁ።