የመኪናዋ ባለቤት

ትንሿ ነጭ መኪና ዳገቱ አጋማሽ ላይ የፊት ጎማዎቿን በከንቱ አሽከረከረች፤ ጠጠሩን ወደ ኋላ በተነችና ሞተሯ ጠፋ። ሙዘይን የእጅ ፍሬኑን ሽቅብ ሳበው። ከኋላ ጉልበታቸውን ደረታቸው ድረስ አጥፈው የተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች የፊቱን ወንበር ጨበጡ።

«አብሽር» አሉት ከጎኑ ያሉት ሸህ ኡስማን። «እስቲ ድገማት።»

ደገማት። የጎማ ሽታ መጣ እንጂ ስንዝር ፈቀቅ አላለችም።

«እንውረድላት መሰለኝ» አሉ ጋሽ ፈንታሁን ከኋላ። «ነዳጅ አሽትታ ነው የምትሄደው ስትለን አልነበር? ምናልባት ጉንፋን ይዟት ይሆናል።»

ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሽ ጁማ ሳቃቸውን ለመደበቅ እንደ ማሳል አሉ።

ሙዘይን ከሦስት ወር በፊት ከገዛት ጀምሮ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንዴት ናት ብሎ ያልጠየቀው ሰው አልነበረም። ዓይን አፋርነቱን የሚረሳው ስለ እሷ ሲያወራ ብቻ ነበር። መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል፤ ባጃጅ በሚታጠፍበት ትታጠፋለች፤ ሰው ነዳጅ ሲሰለፍ እሷ ባለፈው ሳምንት በተቀዳላት ደሴ ደርሳ ትመለሳለች። ዳገትስ ሲሉት «ዳገት መኖሩንም አታውቅ» ይል ነበር። አስፋልት ለቃ እንደማታውቅ፣ አራት ሰው ጭና እንደማታውቅ ግን ለማንም አልተናገረም።

ዛሬ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሀውራ የምትባለውን ልጅ ለእሱ ሊጠይቁ፣ አምባሰል ወዳለው የአባቷ ቤት እየወጡ ነው። ሚስት የሚጠየቅለት ሰው በዚህ ቀን ከልጅቷ ቤት አካባቢ አይታይም። ሸህ ኡስማንም «ተው፤ በሚኒባስ ሄደን ቀሪውን በእግራችን እንወጣዋለን» ብለውት ነበር። እሱ ግን ሽማግሌዎቹ ከመኪናው ሲወርዱ አባቷ እንዲያዩ ፈለገ። ከቤቱ በታች አድርሻችሁ እደበቃለሁ ብሎ ለመናቸው።

ሽማግሌዎቹ ወረዱ። ሸህ ኡስማን ነጭ ጀለቢያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው በሌላው የመኪናዋን ጀርባ ገፉ። ጎማው የረጨው አፈር ጀለቢያውን እስከ ወገብ አለበሰው።

በዚህ መሃል አንድ ጎልማሳ ሰው አካፋ በትከሻቸው አድርገው ከላይ ሲወርዱ ታዩ። ሙዘይን በፊት መስታወቱ አያቸውና እጁ መሪው ላይ ደረቀ። ሀውራ ፎቶግራፋቸውን በስልኳ አሳይታዋለች። አባቷ፣ ጋሽ ኑርዬ ናቸው።

ጋሽ ጁማም በገበያ በመልክ ያውቋቸው ስለነበር ሁለቱን ጓደኞቻቸውን በዓይን ጠቀሱ። የጋብቻ ጥያቄ ደጅ ተቁሞ እንጂ መንገድ ላይ አይነገርም። ሦስቱም ሰላምታ ብቻ ሰጡ።

ጋሽ ኑርዬ ጥያቄ አላበዙም። ጎንበስ ብለው ከጎማው ፊት ያለውን ልል ጠጠር ዛቁ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገው በእጃቸው አነጠፉ። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ያንተ ናት?»

ሙዘይን በጎን መስታወቱ ውስጥ የሸሁን ጀለቢያ አየ።

«አይ… የሰው ናት። እኔ ሹፌር ነኝ።»

ከመኪናዋ ኋላ የቆሙት ሽማግሌዎች ሰምተው ተያዩ። ሸህ ኡስማን ጠዋት ሲነሱ ደጅ ላይ የሚሉትን አዘጋጅተው ነበር፤ መጀመሪያው «ልጃችን ዋሽቶ አያውቅም» የሚል ነበር።

«እንግዲያው አንተ ምን ታደርግ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ኑርዬ አዝነውለት። «ለባለቤቱ ግን ንገረው። ሜዳ ላይ ሸጋ ትሆን ይሆናል። ሸህ የሚያህል ሰው በዚህ አቀበት መኪና የሚያስገፋ ግን ምን ዓይነት ሰው ነው? አያፍርም?»

«እነግረዋለሁ» አለ ሙዘይን።

ጋሽ ኑርዬ ዞረው ከሽማግሌዎቹ ጋር ትከሻቸውን ሰጡ። «ቢስሚላህ!» መኪናዋ ድንጋዩን ረግጣ ዘለለች፤ እያቃሰተችም ከዳገቱ አናት ደረሰች። ገፊዎቹ እያለከለኩ ደረሱባት።

«ለመሆኑ ወዴት ናችሁ?» አሉ ጋሽ ኑርዬ ላባቸውን እየጠረጉ።

ሸህ ኡስማን ወደ ሙዘይን አላዩም። «ወደ አንቱ ቤት ነን።»

ጋሽ ኑርዬ ሦስቱን በየተራ አዩና ገባቸው። ለማን እንደመጡ አልጠየቁም፤ ያም መንገድ ላይ አይጠየቅም።

«መርሐባ! ኑ እንግዲህ። ሹፌሩም ይውረድ፤ ቁርስ ሳይቀምስ ከደጄ አይመለስም።»

«እሱ እዚሁ ይቆይ፤ መኪና ይጠብቃል» አሉ ጋሽ ጁማ ፈጠን ብለው።

«ከማን ነው የሚጠብቃት? ከዝንጀሮ?»

በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። ሙዘይን ወረደ። አፈሩ የጋሽ ኑርዬ ክርን ድረስ ደርሷል፤ አንዱ ጣታቸው ድንጋዩ ልጦት ይደማል።

«አባባ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም በቅጡ አልተሰማውም። «የኔ ናት።»

«ምኗ?»

«መኪናዋ። ሹፌር አይደለሁም።»

ጋሽ ኑርዬ እሱን ቆይተው አዩት፤ ቀጥለው ሽማግሌዎቹን። ሸህ ኡስማን መሬት መሬት ያያሉ። ጋሽ ኑርዬ አካፋቸውን አንስተው መንገድ ጀመሩ፤ ተከተሉኝም አላሉ፣ ተመለሱም አላሉ። ሽማግሌዎቹ ትንሽ አመነቱና ተከተሏቸው። ሙዘይንም የሚያደርገው ቢጠፋው ከሁሉም ኋላ ሄደ።

ከላይ ውሻ ጮኸ። አንዲት ልጅ ልታስታግሰው ከቤቱ ወጣች። መጀመሪያ አባቷን አየች፤ ከዚያ አፈር የለበሱትን ሦስት ሽማግሌዎች፤ ከዚያ ዛሬ እዚህ መታየት ያልነበረበትን እሱን። ሀውራ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ውሻውን የሚያስታግሰው ጠፋ።