ቱርቦ ለአሮጌዋ መኪና

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ የነበሩት መካኒኩ ደምሰው፣ በያጁ ሙዘይንና ትንሽ መኪናቸውን ይዘው የመጡ አንድ ጡረተኛ ናቸው። መኪናዋ አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ጡረተኛው ቱርቦ ይገጠምላት አሉ።

«ጋሼ፣ ቱርቦ ሞተር ውስጥ አየር በግድ ነው የሚያጭቀው» አለ ደምሰው። «ይህ አሮጌ ሞተር አይችለውም፤ ይፈነዳል።»

«ዳገት ላይ ትደክምብኛለች።»

«እኔም እደክማለሁ፤ ለእኔም ይገጠምልኝ!» አለ ሙዘይን። ሁለቱ ሠራተኞች ሳቁ። ጡረተኛው ትንሽ ዘግይተው ሳቁ።

ደምሰው፣ «ፊልትሮና ካንዴላ ቀይሬ ዛሬውኑ ላስረክብዎት እችላለሁ። ዳገቱን ትወጣዋለች» አላቸው።

«ቱርቦውስ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሁለት ሳምንት።»

«እሱ ይሁን።»

በዚያ ሰፈር ባለመኪና ዕቃ እንዳይቀየርበት ሥራው እስኪያልቅ መኪናው አጠገብ ይውላል፤ ምሳም ከሠራተኞቹ ጋር ይበላል። ጡረተኛውም በየቀኑ ከሁሉም ቀድመው እየመጡ ተቀመጡ። በአሥረኛው ቀን ሙዘይን እያጎረሳቸው፣ «ጋሼ፣ ለመኪናዋ ጀርባዎን ሰጥተው ነው እንዴ የሚጠብቋት?» አላቸው። ጡረተኛው ጉርሻውን እያላመጡ ወደ ትሪው ጠጋ አሉ።

ሥራው ሲያልቅ ደምሰው ቁልፉን ሰጣቸው። «አደራ፣ ነዳጁን አብዝተው አይርገጡ። ከረገጡት ሞተሩ ያልቅለታል።»

«ያኔ እዚሁ ነው የሚሠራው?»

«ታዲያ የት ይሄዳል? ግን ሞተር ማውረድ አንድ ወር ይፈጃል።»

ጡረተኛው አመስግነው ወጡ። በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋ በገመድ እየተጎተተች ተመለሰች።