የሽቦው ርዝመት

ለሕፃናት ከጆሯቸው ኋላ የመታወቂያ ቺፕ መቅበር ከተጀመረ ወዲህ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ልጅ በባዶ እጅ ማቀፍ ቀርቷል። በበጋው ደረቅ ብርድ ሹራብ ደራርቦ የዋለ ሰው ሹራቡ ባጠራቀመው ኤሌክትሪክ ጣቱ ብልጭ ካለ ቺፑ ይቃጠላል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁን ሐኪም ቤት አያውቀው፣ ትምህርት ቤት አያውቀው።

ጋሽ ዘርጋው የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«አባዬ፣ ጓንት!» አለች ልጃቸው ሰናይት፣ ሕፃኑን ወደ ደረቷ ሸሽጋ።

«በጓንት የሚያዘው ትኩስ ድስት ነው» አሉና ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

ድሮ እቤት ኮምፒውተር ሲገጣጥሙ ብልጭታው ዕቃውን እንዳያቃጥል የእጃቸው አንጓ ላይ የሚያስሩት ሽቦ ነበራቸው። ሌላውን ጫፍ የወጥ ቤቱ የብረት ቧንቧ ላይ ቆንጥጠው ሲሠሩ፣ ሟች ባለቤታቸው ሽንኩርት እየከተፉ የሰፈሩን ወሬ ያቀብሏቸው ነበር። አሁን ሹራባቸውን አውልቀው፣ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጡ፣ እንደዚያን ጊዜው አሰሩት።

ሰናይት ተከትላቸው ገባች፤ በልጅነቷ ስንቴ የተደናቀፈችበትን ሽቦ አየችና ልጁን አቀበለቻቸው።

ጋሽ ዘርጋው ጉንጩን በጣታቸው ነኩት። ምንም ብልጭ አላለም። ይሞቃል።

«በል ሳሎን እንሂድ አባዬ፣ እንግዶች መጥተዋል።»

ሽቦው ከወጥ ቤቱ በር አያልፍም።

«ወዲህ ጥሪያቸው» አሉ፣ ወለሉ ላይ እየተመቻቹ። «ምሳውም እዚሁ ይቅረብ።»