ጠበቃው እምነታችንን ሲመረምር

«ሰውነታችን የእግዚአብሔር…» ትላለች ባለቤቴ ጌይል።

«…ቤተ መቅደስ ነው» ብሎ ይጨርስላታል ጠበቃው፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ከእናንተ በፊት የገቡትም ቤተ መቅደስ ነበሩ።»

ሚስተር ፔልትዝ የትምህርት ቤቱ ጠበቃ ነው። ሥራው ግራ የገባው ነው፤ ልጃችንን በሃይማኖታችን ምክንያት አናስከትብም የሚሉ ወላጆችን ፊቱ አስቀምጦ እምነታቸው የምር ይሁን አይሁን ይመረምራል። እሱ ካላመነን ኤልሲያችን ሳትከተብ ሰኞ ትምህርት አትጀምርም። መልሶቹን ሁሉ ከእናቶች የፌስቡክ ቡድን ቀድተን፣ መኪና ውስጥ ስንለማመድ ነው የመጣነው። ቤተ ክርስቲያን የረገጥነው ለሠርጋችን ነው። ያኔም እኔ አርፍጄ ነበር።

«ራስዎን ሲያምዎት ኪኒን ይወስዳሉ?»

«በፍጹም!» ትላለች ጌይል።

ስትቀመጥ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የኪኒን ብልቃጥ እንደ ጸናጽል ሲንሿሿ ሰምቻለሁ።

«ጆሮዎ ተበስቷል።»

ጉትቻዋን ጠዋት አውልቃዋለች፤ ቀዳዳውን ግን የት ታድርገው?

«ቤተ መቅደስም መስኮት ያስፈልገዋል» እላለሁ። የጫማዋ ጫፍ በጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቴን ያገኘዋል።

ፔልትዝ አይስቅም። አገጩን በመዳፉ ደግፎ ያያታል። «እስቲ ይንገሩኝ፤ መጨረሻ የጸለዩት መቼ ነው?»

ይህንን አልተለማመድነውም። ልረዳት አፌን ስከፍት ትቀድመኛለች።

«ዛሬ ጠዋት። መታጠቢያ ቤት፣ ውሃውን ከፍቼ። እሱ ከሰማኝ ያሾፍብኛላ።»

እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። ውሃ አታባክኚ እያልኩ ያንን በር ስንቴ ደብድቤዋለሁ!

«ምን ብለው ጸለዩ?»

ጌይል ጣቶቿን ታያለች። «በስምህ ልዋሽ ነውና ይቅር በለኝ ብዬ።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ስንቱን ሲመረምር ኖሮ አንድ እውነተኛ አማኝ አገኘ፤ ያገኛትም ስትዋሽ ነው።

«ስለ ክትባቱስ እግዚአብሔር ምን አለዎት?»

«ምንም። የምፈራው እኔ ነኝ። ኤልሲ ባለፈው የተወጋች ቀን ማታ ትኩሳት ያዛት። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ክንዴ ላይ ተንቀጠቀጠች። ሐኪሞቹ ያልፋል አሉ፤ እሷን አለፋት። እኔን ነው ያላለፈኝ። ባሌ ዶኒ የሰው ጣሪያ ሊጠግን ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር።»

ትኩሳቱን ነግራኛለች። የዓይኗን ነገር ገና አሁን መስማቴ ነው።

«ሕጉ ፍርሃትን እንደ ሃይማኖት አይቆጥረውም፣ ወይዘሮ ሃርቲ» ይላል ፔልትዝ ቀስ ብሎ። «አዝናለሁ።»

«አውቃለሁ።»

ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሴት ገና እንደተዋወቅኋት ሁሉ አያታለሁ። ስትጸልይ ስለ እኔስ እግዚአብሔርን ምን ትለው ይሆን?

«እኔ እወስዳታለሁ» እላለሁ። «እኔ ይዣት ትወጋ።»

«አንተ? አትችልበትም። ስትፈራገጥ ትለቃታለህ።»

«አሳዪኛ!»

ወንበሯን ወደ ኋላ ትገፋለች። ባዶ ጭኗ ላይ የሌለችውን ኤልሲን ታስቀምጣለች። የልጅቱን እግሮች በጉልበቶቿ መሐል ትይዛለች፣ አንድ ክንዷን በልጅቱ ደረት ላይ ታዞራለች፣ አገጯን አናቷ ላይ ታሳርፋለች። ጠበቃው ፋይሉን መዝጋት ትቶ ያያል።

«እንዲህ» ትለኛለች በሹክሹክታ፣ እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንዳለ ሁሉ።