የአንዲት እናት የመብራት ሂሳብ

"እማማ፣ ቆጣሪዎ ጤነኛ ነው..."

ሠራተኛው ይህን ያላቸው የቆጣሪውን ክዳን መልሶ እያሰረ ነው።

መብራት ቢሮ ውስጥ ፒንሳ ይሉታል። ከኪሱ ፒንሳ ስለማይጠፋ ነው እንጂ ስሙስ ሌላ ነው።

እማማ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዩታል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንድ ልጅ አላቸው፣ እሱም ከተማ ነው...

የመብራታቸውን ሂሳብ የሚከፍለው ይሄው ልጅ ነው። እዚያው ከተማ ሆኖ፣ በስልኩ።

አቤት ያለውም እሱ ነው። አንዲት አሮጊት የዳቦ ቤት ያህል መብራት ልትፈጅ አትችልም፣ ወይ ቆጣሪው ተበላሽቷል ወይ ከመስመሩ የሚሰርቅ አለ ብሎ ለቢሮው ኃላፊ ደውሏል።

ፒንሳም እውነት መስሎት ጣሪያ ላይ ወጣ። አጥሩን ዞረ። የተጠለፈ ሽቦ ፈለገ። ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ቆጣሪው ይቆጥር እንደሆነ አየ።

ምንም የለም...

ቤት ውስጥም ያለው ሁለት አምፖል፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ትንሽ ፍሪጅ ነው።

በሚቀጥለው ወር ሂሳቡ ጭራሽ ባሰበት። ፒንሳ ተመልሶ ሄዶ ፈተሸ፣ አሁንም ምንም አላገኘም።

አሁን ነገሩ የልጁ ጉዳይ ብቻ አልሆነም። የዚያ ገጠር ወረዳ መብራት የሚመጣው ከኮረብታው ጀርባ ካለ የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ጭሱ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ ልጆቹን ያስላል። ቢሮው ወጪውንም ጭሱንም ልቀንስ ብሎ ብዙ የሚፈጁ ቤቶችን መለየት ጀምሮ ነበር።

ከመኖሪያ ቤቶች ሁሉ አንደኛ የወጣው የማን ቤት ይመስላችኋል?

የእማማ...

አለቃው ፒንሳን ጠርቶ፣ በዚህኛው ጊዜ ምክንያቱን ካላገኘህ መስመሩን ቆርጠህ ና አለው።

በሦስተኛው ጊዜ ፒንሳ እመጣለሁ ሳይል ሄደ። ከቀትር በኋላ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ቢጣራ መልስ የሚሰጠው አጣ።

በጓሮ በኩል ዞረ። እማማ፣ የልጄ ክፍል ነበር፣ አሁን አሮጌ ዕቃ ብቻ ነው ያለበት ብለው ያላስገቡት ክፍል መስኮቱ ተከፍቷል። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ።

መሬቱ ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ፍም መስሎ ቀልቷል።

ድስት የለበትም። ውኃ የለበትም። ምንም የለበትም።

እማማ ከምድጃዎቹ ጎን በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል...

የፒንሳ ደም ፈላ። ሁለት ወር ሙሉ ጣሪያ ለጣሪያ ያንከራተተው ይሄ ነው! ስለ ናፍጣው፣ ስለ ጭሱ፣ ስለሚያስሉት ልጆች ያላለው የለም። እማማ አንገታቸውን ደፍተው እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ተነስተው ምድጃዎቹን አንድ በአንድ አጠፉ።

"ሂሳቡ ሲበዛ ይደውላል" አሉ።

"ማን?"

"ልጄ ነዋ። ሂሳቡ ትንሽ ሲሆን ከፍሎ ዝም ነው። አምና በብርድ ታምሜ ምድጃ ሳበራ ከረምኩ። ሂሳቡ በዛ። ከአራት ወር ዝምታ በኋላ ደወለልኝ... ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተቆጣኝ። ሊዘጋው ሲል ግን፣ 'ጉንፋኑስ ተሻለሽ?' አለኝ።"

በርጩማውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ጨመሩ።

"ጭሱንም አላጣሁትም። ያጠብኩት ልብስ ላይ አየዋለሁ... ምን ላድርግ።"

ፒንሳ መስመሩን ሳይቆርጥ ወጣ።

ቢሮ እንደተመለሰ ልጁ ጋ ደወለ። የሆነውን ሁሉ ምንም ሳያስቀር ነገረው። ልጁ ሳያቋርጥ ሰማው። በመጨረሻ፣ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋው።

በወሩ የእማማ ሂሳብ ወርዶ ከመንደሩ ሁሉ ትንሹ ሆነ። በቀጣዩም ወር። በሦስተኛውም።

አለቃው ፒንሳን በሠራተኞቹ ፊት አመሰገነው። ፒንሳም፣ በቃ ልጁ ልብ ገዛ ብሎ ሆዱ ሞላ። ምሥራቹን ከአፋቸው ልስማ ብሎ አንድ ቀን ጎራ አለና ልጁ እየደወለ እንደሆነ ጠየቃቸው።

የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ደወለ አሉት። አልቅሷል፣ ይቅርታም ጠይቋል። ቀጥሎ በሦስት ቀን አንዴ ሆነ። ከዚያ ሥራ በዛበት መሰለኝ... ይኸው ከደወለ ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

"ታዲያ ምድጃውን ለምን አላበሩትም?" አለ ፒንሳ ሳያስበው። መብራት ቆጥቡ እያለ ቤት ለቤት የሚዞረው ሰውዬ።

እማማ ፈገግ አሉ።

"ያኔ የሚደውለው ተናዶ ነው። እኔ ደውልልኝ አላልኩትም። አሁን ግን ያውቃል... አሁን ባበራው ልመና ነው የሚሆነው፣ ልጄ።"

ፒንሳ ብዙ ሳይቀመጥ ወጣ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር እያብሰለሰለ ሄደ። እሱ እውነቱን ሲናገር፣ ለካ እሳቸው የነበረቻቸውን ያቺኑ የቁጣ ስልክ ነው የወሰደባቸው...

ልጁ ግን ሂሳብ አሳልፎ አያውቅም። እስከ ዛሬ ድረስ፣ መልእክቱ በደረሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይከፍላል።

ወዳጆቼ... የእናትን ወጪ መሸፈን ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን እናት ቤት ውስጥ የሚጎድለው ሁልጊዜ በብር የሚሞላ አይደለም። ለመደወል ጉዳይ አትጠብቁ። ጉዳዩ እሷ ናት።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ በፒንሳ ቦታ ብትሆኑ ለልጁ ትነግሩት ነበር? ወይስ ምድጃዎቹን እንዳላየ ሰው ዝም ብላችሁ ትመለሱ ነበር?